የሲሎም ሌሊቶች

ዱርቤቴ ላይ ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው አስፋልቱን ቢያቋርጡ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ወደ ቁንዝላና ወደ ሻሁራ የሚወስደው መንገድ ከዋናው የባሕር ዳር መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ መኪና የሚጠብቁ ገበሬዎች፣ ከገበያ የሚመለሱ ጎረምሶች፣ ለልቅሶ የመጡ ሽማግሌዎች አንዱ የሌላውን ጣት ይዞ፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ተደግፎ ይጫወታል። ያደግሁት በዚህ ልማድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ፍቅሬን ለመደበቅ እጄን መደበቅ አላስፈለገኝም። ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ ተማሪ ሳለሁ ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ማታ ማታ በጣና ዳር ስንንሸራሸር እጁ ከእጄ አይወጣም ነበር። ለእሱ ወንድምነት ነበር። ለእኔ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ ለነፍስ አባቴም ያልነገርሁት ነገር። ተመርቆ ሲሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። አቅፌው ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ ረዳቱ ሳይቀር «አይዞህ፣ ወንድምህ ነው?» አለኝ። አዎ አልሁት።

እንዲህ ያለ ፍቅር ያለን ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ እርስ በርስ «ዜጋ» እንባባላለን። ዱርቤቴ ሳለሁ ግን የማውቀው ስድቡን ብቻ ነበር፤ ስድቡን እዚህ አልደግመውም። ጸልዬበታለሁ፤ ጾሜበታለሁ። ለእናቴ ራስ ምታት ነው ብዬ ጠበል ገብቼ ሱባዔ ይዤበታለሁ። ከጠበሉ ስወጣ ሰውነቴ ቀለለኝ፤ ልቤ ግን እዚያው ነበር።

ሕጉን ያወቅሁት በኋላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ጾታ ጋር የሚፈጸምን ግንኙነት በእስራት ይቀጣል፤ የሚቀጥለው አንቀጽ ደግሞ ነገሩ ሲከብድ ቅጣቱን እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሰዋል። ከዚያ በፊት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ተመሳሳይ ድንጋጌ ነበረው። ያን ሕግ ያረቀቁት ዣን ግራቨን የተባሉ የስዊዘርላንድ የሕግ ሊቅ ነበሩ። የገዛ አገራቸው ግን በሁለት አዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚደረገውን ከወንጀልነት ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ይህን ሳነብ ብዙ ጊዜ ቆዘምሁ። ነገሩ ከውጭ የመጣ ነው ሲባል በሰማሁ ቁጥር የምቀጣበት ሕግ መጀመሪያ በማን እጅ እንደተረቀቀ አስታውሳለሁ።

ባንኮክን ያየሁት በንግድ ምክንያት ነው። አጎቴ መርካቶ የተሰፋ ልብስ ይነግዱ ነበር። የቻይና ገበያ ሳይደራ በፊት ሸሚዙም፣ የሕፃናት ልብሱም፣ ቲሸርቱም አብዛኛው የሚመጣው ከታይላንድ ነበር፤ በመርካቶ «የባንኮክ ነው» ከተባለ ዕቃው ጥሩ ነው ማለት ነበር። ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት «እንግሊዝኛ ታውቃለህ፤ አብረኸኝ ትሄዳለህ፣ ትቆጥርልኛለህ፣ ትከራከርልኛለህ» አሉኝ። የቢጫ ወባ ካርዴን አውጥቼ፣ በፓስፖርቴ መሃል ሸጉጬ፣ በሌሊቱ አውሮፕላን ሄድን።

ፕራቱናም ማለት ልብስ በደርዘን የሚሸጥበት፣ ከጠባብ መተላለፊያ ወደ ጠባብ መተላለፊያ የሚያስገባ፣ ማለዳ ገብተህ ቀትር ላይ ላብ በላብ ሆነህ የምትወጣበት ገበያ ነው። ቀን ቀን ጨርቁን በጣት እያሸሁ፣ ስፌቱን እየገለበጥሁ፣ ዋጋውን በካልኩሌተር እየጻፍሁ እውላለሁ። ማታ ዕቃው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በኪሎ ተመዝኖ ካርጎ ቤት ይገባል። አጎቴ ራታቸውን በልተው፣ ዳዊታቸውን ደግመው በጊዜ ይተኛሉ። እኔ እወጣለሁ።

በዚያን ጊዜ በከተማው ላይ በድልድይ የሚሄደው ባቡር ገና አሥር ዓመት አልሞላውም። ሳያም ላይ ባቡር ቀይሬ ሳላ ዴንግ እወርዳለሁ። ደረጃውን ስወርድ የፓትፖንግ የማታ ገበያ ግርግር ይቀበለኛል፤ ሲሎም መንገድን ይዤ ትንሽ ከሄድሁ በኋላ «ሶይ 4» የምትባለው ቅያስ አለች። መኪና የማያልፍባት አጭር መንገድ ናት። ግራና ቀኝ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ተደርድሯል፤ የተቀመጡት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። መጀመሪያ ቀን ከመግቢያዋ ማዶ ቆሜ ሻይ እየጠጣሁ ብዙ አየኋቸው። የጠበቅሁት ምን እንደነበር እንጃ፤ ያየሁት ግን ሁለት ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች ከአንድ ሳህን ሩዝ ሲበሉ፣ አንደኛው የሌላውን መነጽር አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግለት ነው። ጠርጎ መልሶ አደረገለት። ማንም አላያቸውም። እኔ እንባዬ መጣ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንደ እኔ ያለ ሰው ማርጀት እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር።

በቅያሷ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የቆየ «ቴሌፎን» የሚባል ቤት ነበር። ስሙን ያገኘው በየጠረጴዛው ላይ ከተቀመጡት ስልኮች ነው። ጠረጴዛዎቹ ቁጥር አላቸው፤ ወዲያ ማዶ የተቀመጠ ሰው ደስ ካለህ ቁጥሩን መትተህ ታናግረዋለህ። እንደ እኔ ላለው፣ ሰው ፊት ሄዶ መቆም ለሚያስፈራው፣ ከዚህ የበለጠ መላ የለም። አንድ ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳለ ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት። «ከየት ነህ? ከአሜሪካ?» አለኝ አንድ ለስላሳ ድምፅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ከኢትዮጵያ አልሁት። ዝም አለ፤ ከዚያ «ሯጮች» አለ። ከጥጉ ጠረጴዛ አንድ ሰው እጁን አውለበለበ።

ዕድሜው 28 ነበር፤ እኔ በሦስት ዓመት እበልጠው ነበር። የተወለደው ኡዶን ታኒ በሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ክፍለ ሀገር ነው፤ ባንኮክ መጥቶ በፕራቱናም አካባቢ በልብስ ስፌት ይተዳደራል። አጎቴ ከገዙት ሸሚዝ አንዳንዱ በእሱ እጅ የተሰፋ ሊሆን ይችላል ብለን ተሳሳቅን። በነሱ ዘንድ ታናሽ ታላቁን በስሙ ብቻ አይጠራም፤ «ፒ» ብሎ ያስቀድማል፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። እኔንም «ፒ» አለኝ፤ እስከ መጨረሻው ከዚያ በቀር በሌላ ስም አልጠራኝም።

አብረን ብዙ ቦታ ገባን። ከሲሎም ሶይ 2 ጫፍ ያለው «ዲጄ ስቴሽን» የሚባለው ባለ ፎቅ ጭፈራ ቤት ሌሊት ሌሊት ትርዒት ነበረው፤ ወንዶች በሴት ልብስ አጊጠው፣ ላባ ለብሰው ይዘፍናሉ። ከሙዚቃው ይልቅ የማረከኝ በመደገፊያው ላይ ተደግፈው የሚመለከቱት ሰዎች ነበሩ። ከሲንጋፖር የመጣ የባንክ ሠራተኛ፣ ከማሌዥያ የመጣ መምህር፣ ከሆንግ ኮንግ የመጣ ነርስ። የሲንጋፖሩና የማሌዥያው እንደ እኔ አገራቸው ላይ ወንጀለኞች ነበሩ። ሁለቱም አገሮች እንግሊዝ በቅኝ ግዛት ዘመን የተከለውን ክልከላ በየሕጋቸው ይዘው ነበር፤ ሲንጋፖር በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሻረችው፣ ማሌዥያ ውስጥ ግን ዛሬም እስከ 20 ዓመት እስራትና ግርፋት ያመጣል። ባንኮክ ለእነሱ ቅዳሜና እሑድ የሚተነፍሱባት ከተማ ነበረች። ሰኞ ጠዋት ክራቫታቸውን አስረው ይመለሳሉ። እዚያ ፎቅ ላይ ሆኜ ስመለከት እስያ ሁሉ አንድ እንዳልሆነች፣ ነፃነት የሚባለውም ነገር ብዙ ጊዜ የአንድ ቅያስ ስፋት ብቻ እንዳለው ገባኝ።

ከቅያሷ ስንወጣ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። እንደ ልማዴ እጁን ያዝሁ። ቀስ ብሎ አላቀቀው። «እዚህ አይሆንም ፒ፤ ያውቁብናል» አለኝ። እሱ አገር ወንድ የወንድን እጅ የሚይዘው ፍቅረኛው ከሆነ ነው፤ ስለዚህ በአደባባይ አይያዝም። እኔ አገር ማንም የማንንም እጅ ይይዛል፤ ፍቅሩ ግን መግቢያ በር የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ይህን አወራን። እሱ በዱርቤቴ መንገድ እጅ ለእጅ ተያይዘን መሄድ እንደምንችል ስነግረው ዓይኑ በራ፤ «እንግዲያስ የአንተ አገር ገነት ነው» አለ። ቀሪውን ስነግረው ዝም አለ።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የጉርሻው ነገር ነው። ናና በሚባለው ሰፈር፣ ዐረቦችና አፍሪካውያን በሚበዙበት በኩል፣ እንጀራ የሚገኝበት ቤት ነበር፤ ነጋዴዎቻችን ማታ ማታ የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። አጎቴ «ያን ልብስ ሰፊ ጓደኛህን አምጣው፤ ውለታ አለብን» አሉኝ፤ በአንድ ዋጋ ክርክር ረድቶን ነበርና። አመጣሁት። በእጁ መብላት አላስቸገረውም። በእሱ አገር የሚጣበቀውን ሩዝ ከቀርከሃ ሙዳይ በእጅ ቆንጥሮ፣ አድቦልቡሎ፣ ወጥ ውስጥ ነክሮ ነው የሚበላው፤ ጥሬ ሥጋም ይበላሉ። ቁርጥ ሲቀርብ አጎቴ ሳይቀሩ ተገርመው «የኛ ሰው ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አጉርሰው እንጂ፤ እንግዳ አይደለም ወይ?» አጎረስሁት። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ድገመው» አሉኝ። ደገምሁት። ከንፈሩ ጣቴን ነካው። ሃያ የሚሆኑ ያገሬ ሰዎች በተቀመጡበት፣ በአጎቴ ትእዛዝ፣ የምወደውን ሰው አጎረስሁ፤ ሁሉም ፈገግ ብለው አዩን፤ አንድም ሰው አላየንም። በሕይወቴ ውስጥ ሠርግ የሚመስል ነገር ካለኝ ያ ማታ ነው።

በሌላ ዓመት በታኅሣሥ ወር፣ አጎቴ ቀድመው ሲመለሱ፣ እኔ ካርጎ እጠብቃለሁ ብዬ ቀረሁና ከሁዋ ላምፖንግ ጣቢያ በሌሊት ባቡር አገሩ ሄድን። ኩምፓዋፒ በሚባለው ወረዳ ኖንግ ሃን የሚሉት ጥልቀት የሌለው ሐይቅ አለ። በዚያ ወራት ማለዳ ማለዳ ቀይ አበባ ሐይቁን ይሸፍነዋል፤ ፀሐይ ስትበረታ አበባው ይከደናል። በጠባብ ጀልባ ወጣን። እኔ የጣና ዳር ሰው ነኝ፤ የእናቴ ወገኖች ቁንዝላ ስለሆኑ በልጅነቴ ከሐይቁ ዳር ውዬ ወይጦዎች ከደንገል የሚሠሩትን ታንኳ አይቻለሁ። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ እስኪከብድ ድረስ እንዴት እንደሚያገለግል፣ ከዚያም እንዴት አዲስ እንደሚሠራ ነገርሁት። አበባው መሃል ቀዛፊው ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጦ ሳለ እጄን ያዘኝ። እሱ ነው የያዘኝ። ባንኮክ ሳለን በአደባባይ እንደዚያ አድርጎ አያውቅም ነበር።

እናቱ ጥርሳቸው በቅጠል ጠቅልለው በሚያኝኩት ነገር የጠቆረ፣ ትንሽ ሴት ነበሩ። በቋንቋ አልተግባባንም። ማታ ጎረቤቶች ተሰብስበው በእጄ አንጓ ላይ ነጭ ክር አሰሩልኝ፤ ነፍስ ከሰውነት እንዳትርቅ የሚደረግ የእነሱ ልማድ ነው። እናቱ ሲያስሩልኝ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አይተው ነካ አደረጉት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለልጃቸውም አሰሩለት። ከዚያ አንድ ምንጣፍ አንጥፈው አንድ አጎበር ሰቀሉልን። አባቱ ግን ከእሱ ጋር ከተነጋገሩ ዓመታት አልፈው ነበር፤ እኛ እዚያ በነበርንበት ጊዜ ሁሉ ከቤት ውጭ አደሩ። ታይላንድን በጭፈራ ቤቷ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ይህን አያዩም። እዚያም ቢሆን ልጅ ከአባቱ ይለያያል።

ንግዱ ወደ ቻይናዋ ጓንዡ ሲዞር እኛም ዞርን። ሻዎቤይ የሚባለው ሰፈር፣ በተለይ የቲያንሹ ሕንፃ ዙሪያ፣ በአፍሪካ ነጋዴ የተሞላ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የሚነሳው አውሮፕላን በሻንጣ ታጭቆ ይሄዳል፣ ታጭቆ ይመለሳል። የቻይና ሌሊት እንደ ሲሎም አልነበረም። በከተማው መሃል ያለው የሕዝብ መናፈሻ ሲመሽ ወንዶች የሚገናኙበት ቦታ ነበር፤ ጎልማሶች፣ ብዙዎቹ ሚስትና ልጅ ያላቸው፣ ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በዝቅታ ያወራሉ። ከመንገዱ ወዲያ ሽማግሌዎች ቼዝ ይጫወታሉ። እነሱን ሳይ ዱርቤቴ ብቀር የሚጠብቀኝን ኑሮ ያየሁ መሰለኝ።

ከጓንዡ ይዤ የመጣሁት ትልቁ ነገር ግን የአንዲት እናት ታሪክ ነው። ዉ ዮውጂያን ጡረታ የወጡ የመጽሔት አዘጋጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከወንድ ልጃቸው ጋር በቴሌቪዥን ቀርበው በይፋ ደገፉት፤ በቻይና ከዚያ በፊት እንዲህ ያደረገች እናት አልታየችም። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው በጓንዡ እንደ እሳቸው ያሉ ወላጆች የሚረዳዱበትን ማኅበር አቋቋሙ። በየቤቱ የሚያለቅሱ እናቶች ስልክ ደውለው ያማክሯቸው ነበር። ይህን የነገረኝ ሰው ፎቶግራፋቸውን አሳየኝ፤ የእናቴ እኩያ ናቸው። እናቴ በዚያ ሰሞን በስልክ «የልጅህን ዓይን ሳላይ ልሙት?» ትለኝ ነበር። ሌሊቱን ፎቶግራፉን እያሰብሁ አደርሁ።

የኡዶኑ ሰው ታይዋን ሄደ። ከአገሩ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው በኮንትራት ፋብሪካ ገባ። ከመሄዱ በፊት ባንኮክ ላይ ተገናኘን፤ ቴሌፎን ገብተን ከዚያው ከጥጉ ጠረጴዛ ተቀመጥን። «ዱርቤቴ ውሰደኝ፤ ሸሚዝ እሰፋለሁ፤ ወንድምህ ነኝ በል» አለኝ። ወንድም ማለቱ ይቻል ነበር፤ እጅ መያዙም ይቻል ነበር። ከጠቅላላው የማይቻለው ሲመሽ በሩን ዘግቶ አብሮ ማደሩ፣ ጎረቤት ሳይጠይቅ አብሮ ማርጀቱ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም.፣ በአገራችን የሃይማኖት አባቶች ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንዲገባ ጠይቀው ነበር። አልወሰድሁትም። አጎቴም ኋላ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ንግዱን ተዉት፤ እኔ ባሕር ዳር ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፍቼ ተቀመጥሁ። ሸሚዝ ስገዛ አሁንም ስፌቱን ገልብጬ አያለሁ።

ታይዋን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የሚፈቅደውን ሕግ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ስታጸድቅ ከዚያ መልእክት ላከልኝ፤ መንገዱ ላይ ዝናብ እየዘነበ ሰው ይዘፍናል አለ። የአገሩ ሕግ ደግሞ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ጸና፤ እኛ ከጥምቀት በተመለስን በአራተኛው ቀን። በመጀመሪያው ዕለት ብቻ ከ1,800 የሚበልጡ ጥንዶች ተመዘገቡ። ከነሱ አንዱ እሱ ነው። ፎቶግራፍ ላከልኝ፦ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ፊት፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አጠገቡ የማላውቀው ደግ ፊት ያለው ሰው። ጸጉራቸው ሸብቷል። እናቱ በመሃል ተቀምጠዋል። «ፒ፣ ደስ ይበልህ» ይላል ጽሑፉ። ደስ ብሎኛል፤ አልቅሻለሁም።

እዚህ ሕጉ እንዳለ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እንደሚወሰድ አስታወቀ፤ ሕዝቡም እንዲጠቁም ጠየቀ። በዚያው ሰሞን የሰዎች ፎቶግራፍና አድራሻ በስልክ እየተዞረ ወጣቶች ከተከራዩበት ቤት ሸሹ፤ የገዛ ቤተሰባቸው የጠቆማቸውም ነበሩ። አንዱ እኔ ሱቅ መጋዘን ውስጥ አደረ። ዕድሜው የኡዶኑ ሰው ስልክ በደወለልኝ ጊዜ የነበረውን ያህል ነው።

የዱርቤቴ፣ የመራዊ፣ የባሕር ዳር እናቶችና አባቶች፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖር፣ ምንም ማለት ባትችሉ እንኳ ከቤት አታስወጡት፤ ለሚፈልጉትም አሳልፋችሁ አትስጡት።